አዲስ አበባ በመጻሕፍት፣ ኮልፌ በመዝገብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ስለ አዲስ አበባ ኑሮና ባህል የተጻፉ መጻሕፍት በቅርቡ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ገብተው አንድ መደርደሪያ ሞልተዋል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ በእርግጥ በቅርብ ዓመታት የታተሙ ናቸው፤ ሌሎቹ ከታተሙ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ለእኛ መደርደሪያ አዲስ ናቸው። ስለ መጻሕፍቱ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። ንባቡን ስጀምር ግን አንድ ልማድ ያዘኝ። መጽሐፉን ከፊት ከመጀመር ይልቅ የመጨረሻ ገጾቹን ገልጬ በስም ማውጫው ውስጥ «ኮልፌ» የሚለውን ቃል እፈልግ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነውና ልማዱ ከግል ስሜት የመነጨ መሆኑን አልክድም። አራዳ፣ ግቢ፣ ጊዮርጊስ፣ መርካቶ በየማውጫው ረጅም የገጽ ቁጥር ሰልፍ አላቸው። ኮልፌን ባገኘሁት ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫ ማመልከቻ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሕዝብ የነበረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ከከተማዪቱ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪዎች ውስጥ ከ428 ሺህ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ከስድስቱ አንዱ ገደማ፣ በዚያ ይኖሩ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ያለበት የከተማ ክፍል ስለ ከተማዪቱ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ስለምን ቦታ አጣ? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ኮልፌ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። የጻፈው ግን በመጻሕፍት ሳይሆን በመዝገብ ነው፤ ያ መዝገብም በዓይናችን ፊት እየጠፋ ነው።

በቅድሚያ መጻሕፍቱ የሚገባቸውን ምስጋና ልስጥ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1985 ያሳተሟቸው ሁለት ጥራዞች አዲስ አበባን ብቻዋን አያቆሟትም። ነገሥታቱ ከሠራዊታቸው ጋር እየተዘዋወሩ ከተከሏቸው ከተሞች ተርታ ያስገቧታል። የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ሲከበር በኅዳር ወር የተካሄደው ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ጥናቶች በአንድ ጥራዝ ታትመዋል። በዚያ ጥራዝ ውስጥ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት የአዲስ አበባ ሰፈሮች የጻፉት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስነብበው ነው። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ጦር የሰፈረበት ማለት መሆኑን፣ ራስ መኰንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከተማዪቱ በመኳንንትና በሠራዊት ዙሪያ እንዴት እንደተዋቀረች የሚመሰክሩ መሆናቸውን ከዚያ እንማራለን።

ፒተር ጋሬትሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት መጽሐፍ ከተማዪቱን ከተቆረቆረችበት ዘመን እስከ እ.ኤ.አ. 1910 ድረስ ያጠናል። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ሥራ እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠሩትን ሕንፃዎች በሥዕልና በፎቶግራፍ መዝግቦ አቆይቶልናል፤ በእርሱ ውስጥ ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹን ዛሬ የምናገኛቸው በገጹ ላይ ብቻ ነው። ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት መጽሐፍ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ በየመንደሩ እየተከተለ ይተርካል። ማርኮ ዲ ኑንዚዮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በመሐል ከተማ ጎዳና ላይ ኑሯቸውን የሚገፉ ሰዎችን ለዓመታት ተከትሎ፣ «አራዳ» የሚለው ቃል ከቦታ ስምነት አልፎ የኑሮ ብልሃት መጠሪያ መሆኑን ያሳያል። በአማርኛ ከተጻፉት ውስጥ ከደራሲው ኅልፈት በኋላ የታተመውን የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ያላነበበ ተማሪ የዳግማዊ ምኒልክን የመጨረሻ ዓመታትና የልጅ ኢያሱን ዘመን አዲስ አበባ አውቃለሁ ሊል አይችልም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም የውቤ በረሃን ሌሊት ይዞ በዚሁ መደርደሪያ መቀመጡ ተገቢ ነው።

እንግዲህ የእነዚህን ደራስያን ትጋት ሳናሳንስ አንድ ነገር እናስተውል። ታሪክ ጸሐፊ ምንጭ ወዳለበት ይሄዳል። የጥንቱ አዲስ አበባ ምንጮች ደግሞ በአቀማመጣቸው ያደላሉ። የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል የሚጽፈው ግቢውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መኳንንቱን ነው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያ፣ የጣሊያንና የጀርመን ሌጋሲዮኖች የተተከሉት በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ነበር፤ ስለዚህ የዲፕሎማቶቹ ደብዳቤና የተጓዦቹ ማስታወሻ የሚያውቀው ከሌጋሲዮን ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ አራዳ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ጣቢያው የተሠራው በደቡብ በኩል ነው፤ እንግዳው ከዚያ ወጥቶ ሽቅብ ወደ አራዳ ያቀናል። ፎቶግራፍ አንሺውም ካሜራውን የሚተክለው በዚሁ መሥመር ላይ ነው። ምዕራቡ የነጋዴ፣ የአህያና የእንጨት ተሸካሚ መምጫ ነበር። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ማስታወሻ አይጽፍም። ከከተማዪቱ መቆርቆር በፊት በአካባቢው ይኖር የነበረው የኦሮሞ ሕዝብ ታሪክም በብዛት የኖረው በቃል ስለሆነ በጽሑፍ ምንጮች ውስጥ ያገኘው ስፍራ ጠባብ ነው። የማውጫው ክፍተት እንግዲህ ከአንድ ደራሲ ቸልታ የመጣ አይደለም፤ ከምንጩ መልክዓ ምድር የመጣ ነው።

ምዕራቡን የዛሬው ምዕራብ ያደረገው ሁለተኛው ምክንያት የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው ባወጣው የከተማ ፕላን የአውሮፓውያንና የአገሬው ሰው መኖሪያ እንዲለያይ ወሰነ። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያ ውሳኔ ቅሪት ነው። አዲስ ከተማ የሚለው ስምም እንዲሁ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው በቦታው ቀረ። ገበያ ደግሞ ሠራተኛውን አጠገቡ ያሰፍራል። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከዶርዜ፣ ከሸዋ ኦሮሞና ከሰሜን የመጣው ነጋዴ፣ ተሸካሚ፣ ሸማኔና አናጢ ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ያለውን ዳገትና ሜዳ እየያዘ ሄደ። አጠና ተራ የሚለው ስም ይህን ታሪክ በሁለት ቃል ይናገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በአጠና መልክ ተሰንጥቆ፣ ተማግሮና በጭቃ ተመርጎ ብዙውን የአዲስ አበባ ቤት አቁሟል፤ ከአጠናው መሸጫ ቦታዎች አንዱም ኮልፌ ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ተጨመረ። ከተማዪቱ ከመሐሏ ልታርቀው የፈለገችውን ወደ ምዕራብ ትልክ ነበር። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተሠራው በዚያ ነው። የሙስሊሞች የመቃብር ስፍራ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመላዋ ከተማ ቆሻሻ የተደፋበት የረጲ ሜዳም በዚያ ናቸው። ስለዚህ ኮልፌ በመጻሕፍት ሲጠቀስ ሦስት ዓይነት መልክ ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው የሕክምና ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት በዘነበወርቅ ሲቋቋም ለመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላም የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረበት። ከዚያ ስፍራ ወጥተው በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታተሙ ጥናቶች ብዙ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ሕመምተኛው ቁጥር አለው፤ ታክሞ ከዳነ በኋላ በሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ አግብቶና ወልዶ መንደር መመሥረቱ ግን የሕክምና ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው የእንግዳ ትዝታ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ስለ ተኩስና ፈንጂ ትምህርቱ፣ ከታደሰ ብሩ ስለተማሩት፣ ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲሆን ታስቦ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ስለመቋረጡ ጽፈዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ቦታ ነው። በረጅሙ የእግር ጉዞ ልምምድ ጊዜ ገበሬው በእንጨት ማረሻ ሲያርስ አይተው የደቡብ አፍሪካን ገጠር አስታወሳቸው። ከስድሳ ዓመት በፊት ከኮልፌ ካምፕ ወጥቶ በእግሩ የሚጓዝ ሰው እርሻ ያይ እንደነበር ከአንድ የውጭ አገር ታጋይ መጽሐፍ እናገኛለን ማለት ነው። ያ ገበሬ ማን ነበር? መሬቱስ ወደ ማን ዞረ? ማንዴላ ያንን ሊነግሩን አይችሉም፤ ሥራቸውም አልነበረም።

ሦስተኛው የአደጋ ዘገባ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሦስት ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። ለጥቂት ሳምንታት ጋዜጠኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። በክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የኖሩት ሰዎች ለዓለም የታወቁት በሞቱበት ዕለት ነው።

ሕሙም፣ እንግዳ፣ ሟች። በመጻሕፍት ያለው ኮልፌ ይኸው ነው። በእነዚህ መካከል ያለውን የዘወትር ኑሮ፣ ማለትም ሠርጉን፣ ብድሩን፣ የጎረቤት ጠቡንና እርቁን፣ የት እናገኘዋለን?

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የነበሩ አዛውንት ቤታቸው ጠርተው ጥቁር ደረቅ ሽፋን ያለው አንድ ወፍራም መዝገብ አሳዩኝ። እድሩ ሲመሠረት የተጀመረ ነበር። የታሪክ ተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዳነበውና እንድጽፍበት ለመኑኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ አገላበጥሁት። የአባላቱ ስም በተራ ቁጥር ተጽፏል፤ ከጎኑ ሥራቸው አለ፤ ሸማኔ፣ ዘበኛ፣ አጠና ነጋዴ፣ ወታደር፣ አናጢ፣ ባለሱቅ። የወር መዋጮው፣ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ቅጣት፣ ድንኳን ለመግዛት ሦስት ስብሰባ የፈጀው ክርክር፣ የብረት ድስቱና የሳህኑ ቆጠራ ሁሉ ሰፍሯል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ገጾች ላይ ግን ብዕሩ ቁጥብ ይሆናል። የሟቹ ስም ይጻፋል፤ ድንኳን አለመውጣቱም ይጻፋል፤ ምክንያቱ አይጻፍም። የልጃቸውን ሬሳ ማልቀስ የተከለከሉ ወላጆች በነበሩበት ዘመን ያ ባዶ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በዚያን ጊዜ የምጽፈው የጥናት ርእስ ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ምንጮቼም በታወቁ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነበሩ። በሚቀጥለው ክረምት እመለሳለሁ ብዬ ተሰናበትኋቸው። ክረምቱ ሌላ ክረምት ወለደ፤ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄድሁ። ስመለስ አዛውንቱ አርፈዋል። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ አሮጌውን ወረቀት ሁሉ ለባለሱቅ በኪሎ ሸጠውት ነበር። በእነርሱ አልፈርድም። ዶክትሬት ለመሥራት ውቅያኖስ የተሻገርሁት እኔ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ የነበረውን ምንጭ ወረቀት ብቻ አድርጌ ካየሁት፣ እነርሱ ከዚያ የበለጠ ያዩታል ብዬ መጠበቅ አልችልም።

እድር ለምሁራን እንግዳ ነገር አይደለም። ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንድ ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር ስለ መረዳጃ ማኅበራት በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የሶሲዮሎጂና የልማት ጥናቶች ስለ እድር ጥቅም ብዙ ብለዋል። እነዚህ ጥናቶች እድርን እንደ ተቋም ያያሉ፤ እኔ የምለው እድርን እንደ ጸሐፊ እንየው ነው። በየሰፈሩ ቀን እየጠቀሰ፣ ስም እየጠራ፣ ገንዘብ እየቆጠረ በፈቃዱ የጻፈ እንዲህ ያለ ተቋም ብዙ የለንም። መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ቃለ ጉባኤው አልተቋረጠም። ሰው ከየት መጥቶ መቼ እንደሰፈረ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየመቃብሩ እየቀበረ በአንድ ድንኳን እንዴት እንዳዘነ፣ ዋጋ መቼ እንደናረ፣ በየትኛው ዓመት ሞት እንደበዛ ከመዝገቡ ማውጣት ይቻላል።

ተማሪዎቼ ምንጭ እንዲጠራጠሩ ስለማስተምር ይህንንም ምንጭ ልጠራጠር። የእድር መዝገብ ሙሉ ከተማ አይደለም። መዋጮ መክፈል ያቃተው ስሙ ተሰርዟል። ተከራይ ሆኖ በየዓመቱ ቤት የሚለቅቅ ብዙ ጊዜ አልተመዘገበም። ሚስት በባሏ ስም ሥር ተሸፍናለች፤ ስለዚህ የሴቶች እድሮችን መዝገብ ለብቻ መፈለግ ግድ ነው። በቆሼ ላይ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ለቅሞ የኖረውን ሰው በዚያ የምናገኘው በጥቂቱ ነው። ለእነዚህ የቃል ታሪክ ያስፈልገናል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ካዞረው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ ቀበሌዎች ያደራጁት የቤተሰብና የቤት ማኅደርም አለ፤ የሰንበቴው፣ የማኅበሩ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ መዝገብም እንዲሁ። አንዱ የሸፈነውን ሌላው ይገልጠዋል።

ጉዳዩ ለምን አጣዳፊ ሆነ? እድር የሚቆመው በጉርብትና ላይ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ኮንዶሚኒየም፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት ብዙ ነባር ሰፈሮችን አንሥቷል። የፒያሳ ነዋሪ ወደ ዳር ሄዷል፤ ዳሩም ራሱ እየተለወጠ ነው። የሥራውን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዛሬው ርእሴ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፈር ተነሥቶ ጎረቤት በአራት አቅጣጫ ሲበተን፣ ድንኳኑና ወንበሩ በስምምነት ይከፋፈላል፤ መዝገቡስ ከማን ጋር ይሄዳል? ዋጋ የሌለው ዕቃ ስለሆነ የሚጣላበት የለም። በዚሁ ምክንያት ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

የኬፕታውንን ነገር ላንሳ። ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1966 በአፓርታይድ መንግሥት ለነጮች ብቻ ከተከለለ በኋላ 60 ሺህ ያህል ነዋሪዎቹ ተነሥተው ቤቶቹ ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሙዚየም ሲከፈት የፈረሱት ጎዳናዎች ስም ሰሌዳዎች ተሰቀሉ፤ የቀድሞ ነዋሪዎችም በወለሉ ላይ በተነጠፈው የሰፈሩ ካርታ ላይ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ እየፈለጉ ስማቸውን ጻፉ። የእኛና የእነርሱ ታሪክ አንድ አይደለም፤ አንድ አድርጌ ማቅረቤም አይደለም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። እነርሱ ከማፍረስ በኋላ ከትዝታ ተነሥተው ሠሩት። እኛ መዝገቡ ገና በእጃችን ሳለ መጀመር እንችላለን።

ቤተ መጻሕፍት በዚህ ውስጥ ድርሻው ምንድን ነው? አገራችን በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አቋቁማለች፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ቤተ መዛግብትንና ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ አብርሆትን ከፍታ ለብዙ ሺህ አንባቢ መቀመጫ አዘጋጅታለች። እነዚህ ትልልቅ ተቋማት ግን የየመንደሩን ሣጥን ሊከፍቱ አይችሉም። ሣጥኑን የሚያስከፍተው የሚታመን ጎረቤት ነው፤ ያም የእናንተ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችንና ለቤተ መጻሕፍታችን አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዋናውን መዝገብ ከባለቤቱ እጅ አንውሰድ፤ በእጅ ስልክም ቢሆን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተን እንመልስ። ሁለተኛ፣ የጸሐፊው ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይስማማ፤ የሰው ዕዳና የቤተሰብ ምሥጢር ያለበት ገጽ በስምምነት ለተወሰነ ዓመት ይዘጋ። ሦስተኛ፣ መዝገብ ብቻውን አይናገርምና ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡንና ጥሩምባ ነፊውን ቁጭ አድርገን ድምፃቸውን እንቅዳ። አራተኛ፣ አንዱ ቅጂ ለእድሩ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍታችን ይሁን፤ በካታሎጉም በሰፈሩ ስም ይግባ። አጠና ተራ፣ ዘነበወርቅ፣ ወይራ ሰፈር፣ አየር ጤና፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ቀራንዮ ተብሎ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እንደ እኔ ማውጫ ሲገልጥ ስሙን ያገኘዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ አዲሶቹን መጻሕፍት ተዋሱ፣ አንብቡ፣ ተከራከሩባቸው። ከዚያ ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የሰፈራችሁን እድር ጸሐፊ፣ አባባ ወይም እትዬ ብላችሁ የምትጠሯቸውን ሰው፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ የመጀመሪያው መዝገብ የት ነው ያለው? መልሱን በሚቀጥለው ሴሚስተር አምጡልኝ። እዚያው ተቀምጧል ካሏችሁ ክረምቱን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ማንበብ ጀምሩ።